የጎናሪያ ሻሽ

ማዳሌና የአማቷን የጎናሪያን ጣቶች ከመቁጠሪያው ላይ ለማላቀቅ ስትታገል የአሮጊቷ መዳፍ ላይ ቀያይ ነጠብጣብ አየች። ደንግጣ አንሶላውን ገለጠች። ውስጥ እግሯም እንደዚያው ነው። ትናንት ምንም አልነበረም።

ትኩሳቱ እንኳ ሰንብቷል። ዶክተር ሎዶ ያዘዘላትን አንቲባዮቲክ በሰዓቱ ብትውጥም ጠብ ያለላት ነገር የለም። ዛሬ ጠዋትማ ጭራሽ መቀባጠር ጀምራለች። ጎናሪያ ማለት ምላሷ የበግ መሸለቻን የሚያስንቅ ሴት ናት። ማዳሌና ሙሽራ ሆና የዚህን ቤት ደጃፍ ከረገጠች ጀምሮ፣ ሾርባሽ ቀጠነ፣ ቂጣሽ ወፈረ ስትባል ነው የኖረችው። ያ ምላስ ሲተሳሰር ማየት ግን አስፈራት። የሚነዘንዙትን ሰው ማጣት እንዲህ ያስፈራል ብሎ ማን ያስባል!

ስልኩን አነሳች።

«ዶክተር፣ ሽፍታ ወጣባት! መዳፏና ውስጥ እግሯ ላይ!»

«ውሻ ነክታለች?»

«ባለፈው ሲጠይቋት ምላ ተገዝታ አልነካሁም አላለችዎትም? ባሏ ቦሬ ከሞቱ ወዲህ ውሻቸውን ሙሩን ከቤት አስወጥቼዋለሁ። መዥገር ፈልቶበት ነበር። አሁን የሚያድረው በረት ነው።»

«ስሚኝ ማዳሌና። ይሄ የመዥገር ትኩሳት ከሆነ የሰጠኋት መድኃኒት ውሃ በይው፤ ባክቴሪያውን አይነካውም። ዶክሲሳይክሊን አሁኑኑ መጀመር አለባት። ማጅራት ገትር ከሆነ ግን ሕክምናው ሌላ ነው። መዥገር የነከሰበት ቦታ ጥቁር ምልክት ይኖረዋል፣ ዙሪያው ቀላ ያለ፣ በሲጋራ የተተኮሰ የሚመስል። ስለማያማት እሷም አታውቀውም። ፈልጊው።»

«እርስዎ ለምን አይመጡም?»

«የሰደድ እሳቱ መንገዱን ዘግቶታል። አምቡላንሱም ከኔ ጋር እዚሁ ቆሟል። ኩላሊቷ እስክንደርስ ላይጠብቀን ይችላል፤ ቶሎ በይ።»

በመስኮቱ የሚገባው የጭስ ሽታ ከጠዋቱ ብሷል። ባሏ ባስቲያኑ ከተራራው ማዶ በጎቹን ከእሳቱ እያሸሸ ነው፤ የሱ ስልክ አይሠራም። ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁለቱ ሴቶች ብቻ ናቸው።

ብብቷን አየች፣ ብሽሽቷን አየች፣ ከጡቷ ሥር፣ ከጉልበቷ ኋላ ፈለገች። ምንም የለም። የቀረው ራሷ ነው። እጇን ወደ ጥቁሩ ሻሽ ስትልክ አሮጊቷ ዓይኗን ገለጠች።

«መጣሽ? ልትገንዢኝ?»

የማዳሌና እጅ ባለበት ቀረ። ጎናሪያ ባሏ በተቀበረ ዕለት፣ መንደርተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ይህን ሻሽ የሚፈታው ለሬሳ ሣጥኔ የሚያሰናዳኝ ሰው ነው ብላ ተስላለች። ከዚያ ወዲህ ፀጉሯን ያየ የለም፤ የምትታጠበውም በር ቆልፋ ነው።

«ኧረ ምን ሆነዋል እማማ! መዥገር ልፈልግ ነው።»

«እኔ ከመዥገር ጋር ነው ያደግሁት። እጅሽን ሰብስቢ!» አለችና የሻሹን ቋጠሮ በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘች። እዚያ ሰውነት ውስጥ ይህን ያህል ጉልበት መቅረቱ የሚገርም ነው።

ማዳሌና በጉልበት ልትፈታው ዳዳት። ደግሞ ልቧ ፈራ። አሮጊቷ ሞቴ ደረሰ ብላ ተስፋ ብትቆርጥስ? ቀና አድርጋ ልታስደግፋት ብላ ሟቹ ቦሬ ይተኛበት በነበረው ጎን ያለውን ትራስ ሳበች። ትራሱ ላይ አጫጭር ግራጫ ፀጉሮች ተጣብቀዋል።

ቦሬ ደግሞ ራሰ በራ ነበር።

ትራሱን አሸተተችው። ውሻ ውሻ ይላል። ዓይኗ ወደ መስኮቱ ሄደ። ከሥሩ የተገለበጠውን የወተት ሣጥን፣ አማቴ ቆማ ጎረቤት የምታይበት ነው ብላ ስንቴ በልቧ ስቃበታለች! ለካ የውሻ መወጣጫ ኖሯል።

«እማማ፣ ሙሩ የሚያድረው እዚህ ነው?»

ጎናሪያ ዓይኗን ጨፈነች። እንባዋ በጨምዳዳው ጉንጯ ወረደ።

«አልጋው ሰፋኝ» አለች። «ዕድሜ ልኬን ጀርባዬን የሚያሞቅልኝ ሰው ነበር። ታዲያ ምን ልበል? ውሻ አቅፋ የምታድር አሮጊት ተብዬ መሳቂያ ልሁን? አንቺስ አትስቂብኝም?»

ማዳሌና ትራሱን አልጋው ላይ ወረወረችው። «እና አፍረው ሊሞቱብኝ ነው? ለዚህች ብለው? ማን ይስቃል! ምልክቱ ካልተገኘ እኮ መድኃኒቱን አያገኙም!»

አሮጊቷ ትንፋሿ እየተቆራረጠ ለረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ ጣቶቿ ከቋጠሮው ላይ ላላ አሉ።

«ስሞት የምትፈቺው ያው አንቺ ነሽ» አለች። «አሁኑኑ ፍቺው።»

ማዳሌና ፈታችው። ነጩን ሹሩባ ወደ ጎን አድርጋ ከግራ ጆሮዋ ኋላ ስትመለከት አገኘችው፤ ምስር የምታክል ጥቁር ቅርፊት፣ ዙሪያዋ ደም የመሰለ። ስልኩ ላይ ጮኸች፤ ጮኸች ስል እውነትም ጎረቤት እስኪሰማ ነው። ከመንደሩ መድኃኒት ቤት በሩጫ ደርሳ መጣችና የመጀመሪያውን እንክብል በእጇ አዋጠቻት። ከዚያ በኋላ መጠበቅ ብቻ ሆነ። አምቡላንሱ ሲመሽ ሲደርስ ጎናሪያ እስትንፋስ ነበራት።

ከሆስፒታል ስትመለስ ከስታለች፣ ሻሹንም መልሳ አስራዋለች። ሙሩ ታጥቦ፣ የመዥገር መድኃኒት ተቀብቶ፣ ከአልጋው ግርጌ በተነጠፈለት አጎዛ ላይ ተጋድሟል።

«መሬት ላይ?» አለች ጎናሪያ።

«መሬት ላይ።»

«አልጋውስ?»

ማዳሌና ጫማዋን አውልቃ በቦሬ ቦታ ጋደም አለች።

«ልጅዎ በጎቹ ጋ ነው» አለች ጣሪያ ጣሪያውን እያየች። «የኔም አልጋ ሰፍቷል።»



«ሾርባሽ ቀጭን፣ እግርሽ በረዶ!» አለች ጎናሪያ፤ ዞራም ጀርባዋን ምራቷ ጎን ላይ አስደገፈች።