ዝግጁ የተባሉት ተማሪዎች

ነቀምቴ ከተማ፣ ባኬ ጃማ ሰፈር ውስጥ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኮምፒውተሮቹ በተቆለፈ ክፍል አንሶላ ለብሰው ተቀምጠዋል። የመብራቱ መስመር ከተቃጠለ ወዲህ የነካቸው የለም፤ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው። የኮምፒውተር መምህርቷ ሩክያ ግን እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። ተማሪዎቿን ሜዳ ላይ በረድፍ ታቆምና ካርቶን ላይ የተጻፈ ቁጥር ታድላቸዋለች። «ጎረቤታችሁን ብቻ እዩ፤ በቀኛችሁ ያለው ያነሰ ቁጥር ከያዘ ቦታ ተለዋወጡ» ትላቸዋለች። ይህንኑ ሲደጋግሙ ረድፉ ያለ አለቃ ከትንሽ ወደ ትልቅ ይደረደራል። ኮምፒውተርም የሚሠራው እንዲህ ነው ብላ ታስረዳቸዋለች። ስሙን «ደቦ» አለችው፤ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ደቦ ደቦ ነውና።

ከጊዳ አያና ወረዳ በግጭት ተፈናቅለው የመጡት ልጆች ክፍል ውስጥ ቃል አይተነፍሱም። ሩክያ ራሷም የዚያው አገር ልጅ ናት፤ ዝምታቸውን ታውቀዋለች። ደቦው ላይ ግን ከእነሱ አንዷ ዛህራ የከተማውን ልጅ ዋጋሪን ትከሻውን ይዛ «አንተ፣ ወደዚያ እለፍ!» ትለዋለች፤ እሱም እየሳቀ ያልፋል። ሩክያ ይህን ስታይ አንጀቷ ቅቤ ይጠጣል። የማስተርስ ጥናቷንም ልትሠራ የፈለገችው በዚሁ ላይ ነበር።

የዩኒቨርሲቲ አማካሪዋ ዶክተር ፈይሳ ንድፉን አንብቦ ሳይጨርስ ራሱን ነቀነቀ።

«ሂን ታኡ፣ ሩክያ፣ አይሆንም። ይሄ ያለ ኮምፒውተር ማስተማር የሚሉት ፈረንጆቹ ድሮ ጠግበው የተዉት ነው። የዓለም ምርምር አሁን ኤአይ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ላይ ነው። እሱን ሥሪ።»

«ዶክተር፣ ትምህርት ቤቱ እኮ መብራት የለውም።»

«ጥናት በመብራት ነው እንዴ የሚሠራው? መጠይቅ በትኚ!»

ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ቢሆንማ ትጣላው ነበር። የሱም እድገት የታተመ ጽሑፍ ይፈልጋል። ጊዜው እያለቀባት ነበርና እሺ አለች። ተማሪዎቹ በኤአይ ለመማር ምን ያህል ዝግጁ እንደሆኑ የሚጠይቅ ወረቀት አዘጋጅታ አደለቻቸው።

ሁሉም «በጣም እስማማለሁ» የሚለው ላይ ምልክት አድርገው መለሱላት። አንድ እንኳ የተለየ አልነበረም። ዋጋሪን ጠራችው።

«ኤአይ ምን እንደሆነ ታውቃለህ?»

«አላውቅም፣ ቲቸር።»

«ታዲያ በምኑ ነው የተስማማኸው?»

መሬት መሬት እያየ፣ «ወረቀቱ ለራሴ ትምህርት ነው ሲሉን፣ እርስዎ እንዳይወድቁብን ብለን ተማክረን ነው» አላት።

የወደዱትን ሰው ማሳፈር ነውር በሆነበት አገር መጠይቅ የበተነ ሰው ከይሉኝታ ሌላ ምን ይለቅማል? ሩክያ ወረቀቶቹን ልትቀዳድዳቸው ፈለገች። አልቀደደቻቸውም፤ ደመረቻቸው። «ተማሪዎቹ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ለመማር ሙሉ በሙሉ ዝግጁ ናቸው» ብላ ጻፈች። ፈታኞቹም አጨበጨቡላት። የሰው ወርቅ አያደምቅ ሲባል ሰምታ ያደገች ሴት በሰው ወርቅ አጊጣ ተመረቀች።

ትምህርት ሲከፈት ርዕሰ መምህሩ ኦቦ ጋሩማ ቢሮ አስጠራት። ጥናቷ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

«ገለቶሚ፣ እናመሰግናለን፣ አኮራሽን! በጥናትሽ መሠረት የሜዳው ነገር ቀርቷል፤ ልጆቹ ከዚያ አልፈዋላ። ኮምፒውተሮቹ እስኪሠሩ ክፍለ ጊዜውን ለሒሳብ ሰጥተነዋል።»

«ኦቦ ጋሩማ፣ ደቦውን አይንኩብኝ። ልጆቹ ኮምፒውተር ነክተው አያውቁም፤ እርስዎም ያውቃሉ።»

ሳቁን ተወ። «እኔ የማውቀው የተጻፈውን ነው። ዩኒቨርሲቲው ማኅተም መትቶበታል። ወይስ የጻፍሽው ውሸት ነው?»

ሩክያ በመስኮቱ አየች። ልጆቹ ሳያዟቸው ረድፍ ይዘው እየጠበቋት ነበር። ውሸት ነው ብትል ዲግሪዋ ይሄዳል፤ ዲግሪዋ ከሄደ ሥራዋም ይከተላል። በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት ስትል አሰበች።

«እውነት ነው» አለች።

ወጥታ ልጆቹን ወደ ክፍል እንዲገቡ ነገረቻቸው። ዛህራ ካርቶኗን እንደያዘች ቀረች።

«ቲቸር፣ ምን አጥፍተን ነው?»

«ምንም» አለች ሩክያ። «ግቢ።»