ከዱካው የወጣች እርምጃ

ሽመክት ከሰው ፊት ቀድሞ አይሄድም። ለቀብርም ይሁን ለገበያ መጨረሻ ላይ ነው የሚገኘው። የአዘና ከተማ ሰው «ሽመክት ካላለፈ ሰልፉ አላለቀም» እያለ ያሾፍበታል፤ እሱም አብሮ ይስቃል። ምክንያቱን ግን ለሚስቱ እንኳ ነግሯት አያውቅም።

ምክንያቱ የጦር ጓደኛው ወገኔ ነው። የዛሬ ሃያ አምስት ዓመት በሰሜን ግንባር ፈንጂ የተቀበረበት ሜዳ ሲያቋርጡ፣ ሽመክት ከፊት ወገኔ ከኋላ ነበሩ። ሕጉ አጭር ነበር፤ የፊተኛው በረገጠበት የኋለኛው ይረግጣል። ሽመክት በሰላም አለፈ። ወገኔ ግን ግራ እግሩን እዚያ ትቶ ወጣ፤ ያውም በሽመክት ጀርባ ታዝሎ። «የት ጋ አሳሳትኩት?» የምትለዋ ጥያቄ እስከ ዛሬ ሽመክትን ከእንቅልፉ ትቀሰቅሰዋለች።

አሁን ደግሞ የወገኔ ዓይን እየደከመ ነው። ባለፈው ሳምንት ከእንጅባራ ደወለለት።

«ጭላንጭሏ ሳትጠፋ ዘንገና ሐይቅን ልዙራት። አንተ ምራኝ።»

«እህትህ ምሕረት አለች አይደል?»

«እሷን አጥቼ መሰለህ? አንተን ነው ያልኩ።»

እምቢ ማለት አልሆነለትም።

ሐይቁ ዳር ሲደርሱ ጉሙ ገና አልተነሣም። ውኃውና ሰማዩ ተደባልቀው አይለዩም። ዛፎቹ ብቅ ይላሉ፣ መልሰው ይጠፋሉ። ማዶ የምትጮኸው ላም ድምፅዋ ከውኃው ሥር የሚመጣ ይመስላል። የወገኔ እጅ የሽመክት ትከሻ ላይ አርፋለች፤ ሰው ሠራሽ እግሩ ከኋላ ቀጭ ቀጭ ይላል። ሽመክት ጥቂት እንደተራመደ ዕድሜው ጠፋው። የሃምሳ ዓመት ሰው ይሁን ያ ወጣት ወታደር፣ የሚረግጠው ቅጠል ይሁን ያ ሜዳ አልለይ አለው። ላብ አጠመቀውና ቆመ።

«አልችልም ወገኔ። ያኔም ያሳሳትኩህ እኔ ነኝ።»

ወገኔ ዱላውን መሬት ላይ ተከለ።

«አላሳሳትከኝም። ወደ ቀኝ ስትታጠፍ የተሳሳትክ መሰለኝ። አላመንኩህም። ከዱካህ ወጥቼ በግራ ረገጥኩ።»

«ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ይህን ይዘህ?»

«አፈርኩ። ተሸክመህ አውጥተኸኝ፣ ጠርጥሬህ ነበር ብዬ እንዴት ልንገርህ? ሰው ፊት እንደማትቀድም ምሕረት ከአዘና ሰምታ የነገረችኝ በቅርብ ነው። ምን እንዳደረግሁህ ያኔ ስትነግረኝ ገባኝ። እውነቱን በስልክ ማውጣት አቃተኝ።»

ሽመክት ተናደደ፤ ከልቡ ተናደደ። ያን ሁሉ እንቅልፍ ማን ይመልስለታል? የወገኔን እጅ ከትከሻው አውርዶ ጥሎት ሄደ። አሥር እርምጃ፣ ሃያ እርምጃ። ሲዞር ወገኔን ጉሙ ውጦታል። አይጣራም፣ አይለምንም። ሽመክት ሊፈርድበት ፈለገና አቃተው። የዚያን ሜዳ ፍርሃት ከሁለቱ በቀር ማን ያውቀዋል? እሱስ ከኋላ ቢሆን ኖሮ የወገኔን ዱካ አምኖ ይረግጥ ነበር? እርግጠኛ አልነበረም።

ተመለሰ። ወገኔ ዱላውን ደረቱ ላይ አቅፎ፣ ከተተወበት ሳይነቃነቅ ቆሟል። ሽመክት ከፊቱ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመና የወገኔን እጅ ትከሻው ላይ መለሰ።

«ከፊትህ የዛፍ ሥር አለ። እግርህን ከፍ አድርግ» አለው። ከድምፁ ቁጣው ገና አልወጣም።

ወገኔ መሬቱን በዱላው ሳይፈትሽ እግሩን አንሥቶ ረገጠ።