ሰማያዊው በርሜል

«ትንሽ ውሃ አይኖርም፣ እጄን ልለቃለቅ?» አለች አንዲት ለቀስተኛ፣ የጓሮው በር ላይ ቆማ።

«የለም» አለች የሟቿ ታናሽ ልጅ። ይህን ስትል አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችውን ቁልፍ በጣቷ ገፋ አድርጋ ከልብሷ ሥር ከተተችው።

ታላቅ እህቷ አየቻት። ጓሮው ጥግ አንድ ሰማያዊ በርሜል በሰንሰለት ተጠፍንጎ ቆሟል፤ ሰንሰለቱ ላይ አዲስ ጓጉንቸር አለ። ጠጋ ብላ በጣቷ መታ አደረገችው። ባዶ ዕቃ እንዲህ አይደለም የሚጮኸው።

ታላቋ በሌላ ከተማ የጉምሩክ ፈታሽ ናት፤ ሻንጣ ከመክፈቷ በፊት የባለሻንጣውን ፊት ታነባለች። ጎርፉ መንገዱን ስለቆረጠው ለእናቷ ቀብር እንኳ አልደረሰችም። ስትመጣ ከተማው መብራት የለውም፣ ቧንቧውም ደርቋል፤ ለቀስተኛው የሚጠጣውን በላስቲክ ጠርሙስ ይዞ ነው የሚመጣው። የእናቷ አልጋ ደግሞ ባዶውን ቀርቷል።

«አንሶላውና ፍራሹ የታሉ?» ብላ ጠይቃ ነበር።

«አቃጠልኳቸው» አለች ታናሿ፣ ቀና ሳትል።

ሳሎን ገብታ ስትቀመጥ፣ ከኋላዋ ባለሱቋ ጎረቤት ለአንዲት ሴት ስታንሾካሹክ ሰማች።

«በውሃ ጥም ነው የሞተችው።»

«ኧረ ተይ! ልጅ እያላት?»

«በርሜሉን ማን ቆለፈውና! ሴትዮዋ ‹ውሃ፣ ውሃ› ስትል በግድግዳው እንሰማት ነበር። ልጅቷ እንደምታዪያት ዝም ያለች ናት። ምን ታደርጊዋለሽ፣ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።»

ታላቋ ሻዩን ሳትጨርስ አስቀመጠችው።

እናታቸው ልብስ ሰፊ ነበረች። የስፌት መኪናዋ በእግር የሚረገጥ ስለሆነ፣ መብራት ጠፍቶ ሰፈሩ ሥራ ሲፈታ እሷ በሻማ ትሰፋለች። ውሃ የጠፋ ጊዜ ቤቱ በሕግ ይተዳደራል፤ ፊት የታጠቡበት ለእግር፣ የእግሩ ለወለል፣ የወለሉ ለሽንት ቤት። ልጆቿን በኩባያ እየለካች የምታጥብ ሴት፣ ባልዲ ይዞ በሯ ላይ ለቆመ ግን ሳትለካ ትቀዳለታለች።

«እኛስ?» ትላታለች ታላቋ ተናዳ።

«እናንተማ የኔ ናችሁ፤ ትችሉታላችሁ» ብላ ትስቃለች።

በዚች ሴት ላይ ነው ውሃ የተቆለፈው?

በቅርቡ ታናሿ ስልክ ደውላ «እትዬ፣ እማ እየረሳች ነው፤ ሻይ ላይ ጨው ትጨምራለች» ብላት ነበር። «እድሜ ነው፣ አታጋኚ» ብላ ዘጋችው። አሁን ያ ወሬ ራሱ አጠራጠራት። ልጅቷ ሰበብ እያዘጋጀች ቢሆንስ?

ከሰዓት በኋላ ለቀስተኛው ሲሳሳ ታናሿን ጓሮ ተከትላት ወጣች።

«ቁልፉን ስጪኝ።»

«እትዬ፣ ተይው።»

«ምን ደብቀሽ ነው?»

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ! እማን ውሃ ከልክለሻታል አልከለከልሻትም?»

ታናሿ ቁልፉን ከአንገቷ አውጥታ ጓጉንቸሩን ራሷ ከፈተችና ክዳኑን አነሳችው።

ቀድሞ የመጣው ሽታው ነው። ውሃው ቡናማ ነው፤ ላዩ ላይ የዘይት ቆዳ ለብሷል።

«የጎርፉ ውሃ ነው፤ ለሽንት ቤት ብዬ ያጠራቀምኩት» አለች ታናሿ። «የሚጠጣውን እያፈላሁ በጀሪካን አስቀምጥላት ነበር። ዳቦ ቤት ሥራ ልገባ ስል ‹እማ፣ ከበርሜሉ እንዳትቀጂ› እላታለሁ፤ ‹እሺ የኔ ልጅ› ትለኛለች። አንድ ቀን ስመለስ ጀሪካኑ ባዶ። ንጹሁን በሩን ላንኳኳ ሁሉ ሰጥታ፣ እሷ ከዚህ ጠጥታለች።»

«‹ውሃ፣ ውሃ› ስትል ነበር አሉ።»

«ስሰጣት ወዲያው ታስመልሰዋለች። ጨውና ስኳር በጥብጬ በማንኪያ ሞከርኩ። ፍራሹን ያቃጠልኩት በምን አጥቤው? ሐኪም ቤቱ ከወንዙ ማዶ ነው፤ ድልድዩን ጎርፍ ወስዶታል። በጀርባዬ አዝያት እስከ ዳር ሄድኩ። የሚያሻግር የለም።»

«ታዲያ ጓጉንቸሩ...»

«ከታመመች በኋላ ነው የገዛሁት» አለች ታናሿ። «ገባሽ፣ እትዬ? ከታመመች በኋላ።»

በሩ ላይ ባለሱቋ ቆማ ኖሯል። ጆሮዋን ለመጣል የወጣች ሴት አፏን በመዳፏ ያዘች።

«ለኔም ቀድታልኛለች» አለች። «ለብ ያለ ነበር።»

ግድግዳውን እየታከከች ወጣች።

«ሚጢ፣ ለምን አልተናገርሽም? ሰው ስንት ነገር እያለሽ!» አለች ታላቋ።

«ምን ብዬ? ሊያለቅሱላት የመጡትን ሰዎች፣ የጠጣችሁት የሷን ድርሻ ነው ልበላቸው?»

ታናሿ የጓሮው ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ ጭንቅላቷን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። ወንዝ ዳር የረገጠችው ጭቃ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ከዚያ ቀን ወዲህ እግሯን አልታጠበችም።

ታላቋ ከቦርሳዋ ለመንገድ የያዘችውን ውሃ አወጣች። ሻሿን ፈትታ ጫፉን አራሰችና እታች ተንበረከከች። ታናሿ እግሯን ልትሰበስብ ሞከረች። አልለቀቀቻትም። ጭቃውን ቀስ እያለች፣ ጣት በጣት፣ ትጠርግላት ጀመር።