ለሌላ ሰው የተነሳ እጅ

የኩላሊት ሕሙማንን ከየቤታቸው ወደ እጥበት ማእከሉ የሚያመላልሰውን ሚኒባስ የሚነዳው ሰው በመሥሪያ ቤቱ «እሺ ባዩ» ይባላል። ስሙን ያወጡለት ባልደረቦቹ ናቸው። አለቃ ቢቆጣው እሺ ነው፤ ሕመምተኛ ቢነጫነጭበት እሺ ነው፤ ፖሊስ ቢያስቆመውማ ገና ሳይናገሩት እሺ ነው። «እሺ ይበልጣል ከሺ ብሎ የተረተው ሰው አንተን አይቶ መሆን አለበት» እያሉ ይስቁበታል፤ እሱም አብሯቸው ይስቃል።

እንዲህ ሆኖ አልተወለደም። መንጃ ፈቃድ ካወጣ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ዓመታት የትራፊክ ፖሊስ ነጭ ጓንት ባየ ቁጥር ልቡ ድው ድው ትል ነበር። ያኔ ይከራከራል። መብራቱ ቢጫ ነበር ይላል፤ ምልክቱን ቅርንጫፍ ሸፍኖት ነው ይላል፤ ከመኪና ወርዶ እጁን እያወናጨፈ ያስረዳል። አንድ ቀን ስለ አንዲት የኋላ መብራት አምፖል ሲሟገት ከጠዋት እስከ ቀትር ፀሐይ ላይ ቆሞ ዋለ። አምፖሏ እንደምትሠራ የተረጋገጠው ያሳፈራቸው ሕመምተኞች በሙሉ ተራቸው ካለፈ በኋላ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የራሱን ዘዴ አበጀ። እጅ ሲያይ ፍሬቻ ያሳያል፤ ዳር ይዞ ይቆማል፤ ሞተሩን ያጠፋል፤ መንጃ ፈቃዱንና የመኪናውን ደብተር ይዞ ይወርድና ፖሊሱ አፉን ሳይከፍት «አጥፍቻለሁ ጌታዬ፣ ይቅርታ» ይላል። ጥፋቱ ምን እንደሆነ ፖሊሱ ራሱ ይነግረዋል። አንዳንዶቹ መክረው ይለቁታል፤ አንዳንዶቹ ይጽፉበታል። በዚያም አለ በዚህ አራት ደቂቃ አይፈጅም። ልቡ ድው ማለቷን መቼ እንደተወች አያስታውስም። ጥርሱን ሊነቀል ማደንዘዣ የተወጋ ሰው ጉንጩን ሲነካው የሌላ ሰው ጉንጭ እንደሚመስለው፣ እሱም መንገድ ዳር ቆሞ ሲወቀስ የሚወቀሰው ሌላ ሰው ይመስለዋል።

የተጻፈበት ግን ተጠራቅሞ ነበር። በዚህ ዓመት ብቻ አምስት ጥፋት ተመዝግቦበታል። ስድስተኛው ከመጣ መንጃ ፈቃዱ ለአንድ ዓመት ይያዛል፤ ፈቃድ የሌለውን ሾፌር ደግሞ መሥሪያ ቤቱ አያቆይም። የስምሪት ኃላፊዋ ባለፈው ሳምንት ደብዳቤውን እያሳየች ይህንኑ ነገረችው። ማታ ሚስቱ ደብዳቤውን ኪሱ ውስጥ አግኝታ ደግማ ነገረችው። ሁለቱንም እሺ አላቸው።

በዚያ ማክሰኞ ጠዋት ያሳፈረው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ጡረታ የወጡ መምህርት። አራት ዓመት ሙሉ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ጋቢና አብረውት እየተቀመጡ የሬዲዮ ዜና አንባቢውን ሲያርሙ ይሄዳሉ። የዚያን ቀንም «ብዙ ሰዎች መጣ» የሚል ዜና አንባቢ ምን ዓይነት ትምህርት ቤት እንደተማረ ሲጠይቁት፣ ከዳቦ ቤቱ ጥግ ያለው መስቀለኛ መንገድ ላይ አንድ ነጭ ጓንት ወደ ላይ ተነሳ።

ፍሬቻ አሳየ። ዳር ይዞ ቆመ። ሞተሩን አጠፋ። መምህርቷ የጀመሩትን ሳይጨርሱ እሱ ወርዶ ነበር።

ፖሊሱ ሠላሳ ዓመት የሞላው አይመስልም። የተዘረጋለትን መንጃ ፈቃድ ተቀብሎ አየ፤ ሰውየውን አየ።

«ምን ሆነው ነው የቆሙት፣ ጋሼ?»

«አጥፍቻለሁ ጌታዬ፣ ይቅርታ።»

«ምን አጠፉ?»

ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ ማንም ጠይቆት አያውቅም። ከኋላ የቆሙት መኪኖች ጥሩምባቸውን ያስጮኹ ጀመር። አንዱ ሾፌር በመስኮት ብቅ ብሎ መንገዱ የአባትህ ነው ወይ ይላል። እሺ ባዩ የመኪናውን ደብተርም ጨምሮ ሰጠው።

«እርስዎ እንዳሉት» አለ በመጨረሻ።

«እኔ ምን አልኩ? ባልደረባዬን እኮ ነው የጠራሁት» አለና ወደ ማዶ አመለከተ። ተረኛውን ሊቀይር የመጣ ሌላ ፖሊስ የምሳ ዕቃውን አንጠልጥሎ መንገዱን እያቋረጠ ነበር።

ወጣቱ ፖሊስ ሊስቅ ምንም አልቀረውም። ደብተሩን ሳይገልጥ ከመንጃ ፈቃዱ ጋር መለሰለትና ቶሎ ብሎ እንዲንቀሳቀስ ነገረው። ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃ ነበር። ነገር ግን የምሳ ዕቃውን የያዘው ፖሊስ የወጣቱ አለቃ ኖሯል፤ ሲደርስ መጀመሪያ ያየው የሚኒባሱን የፊት ጎማዎች ነው። የእግረኛ መሻገሪያው ነጭ መስመር ላይ ቆመዋል። ሕፃን በጋሪ የምትገፋ ሴት መሻገሪያውን ትታ በመኪናው አፍንጫ ዞራ መሐል አስፋልት ገባች።

ይኼ ሰው ለምን እዚህ ቆመ ሲል ጠየቀ አለቃው። ወጣቱ፣ ያስቆምኩት መስሎት ነው ሲል አስረዳ።

«አስቁመኸዋል?»

«አላስቆምኩትም።»

«እንግዲያው በራሱ ነው የቆመው» አለ አለቃው፤ «በራሱ ከቆመ መሻገሪያ ላይ መቆም ነው። ጻፍ።» ይህን ያለው በክፋት አልነበረም። የምሳ ዕቃውን የሚያስቀምጥበት ጥላ ያለበት ቦታ እያማተረ ነበር።

ወጣቱ መንጃ ፈቃዱን መልሶ ተቀብሎ ቅጹን ሞላ። ከታች በኩል «የአሽከርካሪው ቃል» የሚል ርእስ ያለው ሣጥን አለ፤ አራት ባዶ መስመሮች አሉት። ወጣቱ በጣቱ መታ መታ አደረገውና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የሆነውን እዚህ ይጻፉ። ጉዳዩን የሚያዩት ሰዎች የሚያነቡት ይህንን ነው። እጄን አይተው ነው የቆሙት፤ እኔም ብጠየቅ አልክድም» አለው።

እሺ አለ እሺ ባዩ። እስክሪብቶውን ተቀበለ። «አጥፍቻለሁ» ብሎ ጻፈና ፈረመ። ጽሕፈቱ ቀጥ ያለ ነበር። ፖሊሱ አንብቦ ቀና ብሎ አየው። ዓይኑ ውስጥ ያለው ንዴት ይሁን ኀዘኔታ አልተለየም። መንጃ ፈቃዱን ፖስታ ውስጥ ከተተ፤ ግልባጩን ሰጠው፤ በዐሥር ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት እንደሚቻልም ነገረው።

ፖሊሶቹ ሚኒባሱን ገፍተው ከመሻገሪያው አወጡት። ለስምሪት ኃላፊዋ ደውሎ ነገራት፤ ተለዋጭ ሾፌር እልካለሁ ብላ ስልኩን ዘጋች። መምህርቷ አራት ሰዓት የሚፈጅ እጥበት አላቸው፤ የዘገዩባትን እያንዳንዷን ደቂቃ ማሽኑ አይመልስላቸውም፤ ከእሳቸው ቀጥሎ ሌላ ሰው ተራ ይጠብቃል። ይህን ሁለቱም ያውቁታል።

መምህርቷ ግልባጩን አምጣ አሉት። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ።

«አራት መስመር ሰጥተውህ አንድ ቃል ጻፍክ?»

«አዎ።»

«ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚባለው ሰው እኔ ተረት ነበር የሚመስለኝ።»

ተናደው ከሆነ ብሎ በጎን አያቸው፤ የተናደዱ አይመስሉም። ወረቀቱን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

ተለዋጩ ሾፌር ከአርባ ደቂቃ በኋላ መጣ። መሪውን ይዞ ሲቀመጥ፣ ለዛሬ እንኳ እምቢ ብትል ምን ነበረበት ብሎ ሊቀልድ ሞከረ፤ የሁለቱንም ፊት አይቶ ተወው። እሺ ባዩ ከኋላ ተቀመጠ። መንገዱን ከዚያ ወንበር አይቶት አያውቅም። ለሚስቱ ምን እንደሚላት ሊያስብ ሞከረ፤ አሳቡ እንደ ረጠበ ክብሪት አልያዝ አለው።

ማእከሉ ሲደርሱ የመምህርቷን ቦርሳ ይዞ ገባ። አልጋው አጠገብ ያለች በርጩማ ላይ እንዲቀመጥ አደረጉት። ነርሷ ቸኩላ ነበር፤ ክንዳቸውን ልትይዝ ስትል መለስ አደረጉባት። መጀመሪያ መርፌውን አሳዪኝ አሉ።

«መምህርት፣ አራት ዓመት ሙሉ ያው መርፌ እኮ ነው» አለች ነርሷ።

«ያው መሆኑን ልየው።»

አሳየቻቸው። አዩና ክንዳቸውን ሰጡ። ክንዱ ከብዙ መወጋት የተነሳ እንደ ዛፍ ሥር ተቋጥሯል። መርፌው ሲገባ ፊታቸው ላይ ምንም አልተነበበም። እሺ ባዩ አያምዎትም ወይ ሲል ጠየቃቸው።

«ድሮ ቀረ፤ አሁን እንደ እንጨት ነው» አሉት። «ግን የኔ እንጨት ነው።»

ማሽኑ መዞር ጀመረ። ቀይ ደማቸው በቀጭኗ ቱቦ ወጥቶ ሄደ። በደህናው እጃቸው ከቦርሳቸው ደብተርና እስክሪብቶ አውጥተው ጭኑ ላይ አኖሩለት። ይግባኙ የሚጻፈው አሁን ነው አሉት፤ ዐሥር ቀን ብዙ ይመስላል እንጂ ለአንተ ዓይነቱ ሰው ዐሥረኛው ቀን ሳይታወቀው ያልፋል።

ደብተሩን ገልጦ አቀረቀረ።

«ይበሉኝ፣ እጽፋለሁ።»

«እኔ አልነበርኩም የምነዳው። አንተ በል።»

ማዶ አልጋ ላይ ያለው ሰው አንኮራፋ። ነርሷ መጥታ የማሽኑን ቁጥር አይታ ሄደች። «አጥፍቻለሁ» የሚለው ቃል ጣቱ ጫፍ ላይ ነበር፤ ሁለት ጊዜ እስክሪብቶውን አስጠግቶ ሁለት ጊዜ አነሳው። ከዚያ ጻፈ። መምህርቷ ዓይናቸውን ሳይገልጡ ምን አልክ አሉት።

«ማንም አላስቆመኝም» ብሎ አነበበላቸው።

«እውነት ነው። ቀጥል።»

«ከዚህ በኋላ ምን ይባላል?»

«ለምን እንደቆምክ ነዋ።»

የግድግዳውን ሰዓት አየ። ሕክምናቸው ሊያልቅ ሁለት ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ ቀርቶት ነበር። እስክሪብቶውን ሁለተኛው መስመር ላይ አሳረፈ።