አሥራ ሰባተኛዋ ቁራጭ

«አስቀምጪው አልኩሽ!»

አጎቷ የአባቷን የእንጨት ገበታ ሊነጥቃት ሲታገል የሻይ ብርጭቆ ወድቆ ተሰበረ። ልብስ ሰፊዋ አልለቀቀችም። አባቷ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ሦስቱንም ቀን ስለ ደግነቱና ስለ ጥበቡ ስትሰማ ጆሮዋ ሊደነቁር ደርሷል። «እንዲህ ያለ ምትሃተኛ አይወለድም» ይላሉ ጎረቤቶቹ። እቤት ውስጥ ምን እንደነበር የሚያውቁት እሷ፣ እናቷና ይሄ አጎት ብቻ ናቸው።

አባቷ ስም ያተረፈው በዚህ ገበታ ነው። መልካቸው የተለያየ አሥራ ስድስት ቁራጮች ጢም አድርገው ይሞሉታል። ያፈሳቸውና ከኪሱ አንድ ቁራጭ ይጨምራል፤ አደራደሩን ቀይሮ ሲመልሳቸው አሥራ ሰባቱም እዚያው ገበታ ላይ ልክ ይሆናሉ። አዳራሹ በጭብጨባ ይናወጣል።

አሥር ዓመቷ ነበር። ከፊት ወንበር ተነስታ «አባዬ፣ መሃል መሃሉ ክፍት ነው! አየሁት!» ብላ ጮኸች። ሰው ሳቀ። ቤት እንደገቡ አጎቷ እጇን ጠረጴዛው ላይ ጨምድዶ ያዘ፣ አባቷ መዶሻ አነሳ። ሌባ ጣቷ ተሰበረ። «ክፍት የለም በይ!» መዶሻው ዳግመኛ ሲነሳ «የለም» አለች። እናቷም «ዋሽተሻል፣ ይቅርታ በይው» ብላ እግሩ ላይ ጣለቻት። ከዚያ ወዲያ ዓይኗን አምና አታውቅም። አንድ ልብስ ሦስቴ ትለካለች፣ ደንበኞቿ ይስቁባታል።

ዛሬ ጠዋት ገበታውን ከቁም ሳጥን አውጥታ ስትደረድር ስትበትን፣ እጅጌ ስትገጥም የምታደርገው ትዝ አላት። ትርፍ ጨርቅ አንድ ቦታ ከተሰበሰበ ይሸበሸባል፤ ዙሪያውን ጥቂት በጥቂት ካከፋፈሉት ግን ማንም አያየውም። አባቷም የአሥራ ሰባተኛዋን ቁራጭ ቦታ በአሥራ ስድስቱ መሃል እንደዚያው አከፋፍሎታል።

«የሙት ምስጢር አይነካም!» አጎቷ እጇን ጠመዘዘው። ያኔም የያዛት እንደዚሁ ነው። የገበታውን ጠርዝ አፉ ላይ አሳረፈችበት። ደሙን እየተፋ በጡጫ መታት፤ ከንፈሯ ተተረተረ፣ ቁራጮቹ ወለሉ ላይ ተበተኑ።

«ኧረ ለቅሶ ቤት ነው፣ ገላግሏቸው!» አሉ አንዲት ጎረቤት።

የደረሰችው እናቷ ናት። የሻዩን ማንቆርቆሪያ በሁለት እጇ አንስታ አጎትየው ፊት ቆመች። «ዋ! ልጄን ሁለተኛ ብትነካ!» ድምፅዋን በዚህ ቤት ማንም እንዲህ ከፍ ብሎ ሰምቶት አያውቅም። ሰውየው አፉን በመሐረብ ይዞ ወጣ።

ሰፊዋ ወለሉ ላይ ተቀምጣ አሥራ ስድስቱን ደረደረች። ካንገትጌዋ መርፌ ነቅላ በሁለት ቁራጮች መሃል ሰደደችው። ገባ። ሌላው ጋ ሞከረች፣ ገባ። በሁሉም ገባ።

«ክፍት ነበር፣ እማዬ» አለች፤ ሃያ ዓመት የታፈነው ልቅሶ ገነፈለ። «አልዋሸሁም!»

እናቷ ማንቆርቆሪያውን አስቀምጣ አጠገቧ ተንበረከከች። የተጣመመውን ጣት ያዘችና ገበታው ላይ አመጣችው።

«የት ጋ ነበር ያየሽው? አሳዪኝ።»