ስክሪኑ የሞተው ካሜራ

«ክፈተው አልኩህ!»

አያ ክንፈ ካሜራውን ጠረጴዛው ላይ ሲያላትመው የተሰነጠቀው ሌንስ ስባሪ መሬት ላይ ተበተነ። ማንጠልጠያው ላይ የደረቀው ደም ጠቁሯል። አለምነው ከተቀመጠበት በርጩማ አልተንቀሳቀሰም።

ወንድሙ በፍቃዱ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ከግድግዳው ወዲያ፣ እድሩ በተከለው ድንኳን ውስጥ፣ እናታቸው እቴቴ ደረቷን ስትደቃ ይሰማል። ድምፅዋ ከተዘጋ ሁለት ቀን ሆኗል፤ አሁን የሚሰማው የእጇ ምት ብቻ ነው። አያ ክንፈ ወንድሟ ነው። ከቆላ የመጣው የእህቱን ልጅ ሊቀብር ነበር፤ ከተቀበረ በኋላ ግን ክላሹን በር ላይ አስደግፎ የቀረው ለሌላ ጉዳይ ነው።

«የገዳዩ መልክ እዚህ ውስጥ አለ። ‹ፎቶ አነሳኸኝ› ብሎ አይደል የገደለው? ሰርገኞቹ እንደሆኑ ‹እንግዳ ነው፣ አናውቀውም› ብለው አፋቸውን ለጉመዋል። አንተ መልኩን አሳየኝ፤ ቀሪውን ለኔ ተወው።»

«ነገ፣ አያ ክንፈ።»

ጥፊው ጆሮ ግንዱ ላይ አረፈ። አለምነው ከነበርጩማው ተገለበጠ።

«ነገ? ወንድምህ መቃብር ውስጥ ነገ አለው?»

ጎረቤታቸው ፈይዛ የንፍሮ ሳህን ይዛ የገባችው በዚህ መሃል ነው። የጨርቅ ሱቋ ከፎቶ ቤቱ ጋር ግድግዳ ይጋራል።

«ኧረ በአላህ ይሁንብዎ አያ ክንፈ! ለቅሶ ቤት እኮ ነው፣ ሰው ይሰማል!»

አያ ክንፈ ምራቁን ተፍቶ ወጣ። ፈይዛ አለምነውን ደግፋ አስነሳችውና ወደ ጆሮው ጠጋ አለች። «እኔ ያን ቀን ጠዋት ምንም አላየሁም» አለችው። «ሱቄን አርፍጄ ነው የከፈትኩ። ገብቶሃል?»

ገብቶታል። ፈይዛ እሑድ ጠዋት ሱቋን የከፈተችው በጊዜ ነበር፤ ያየችውንም አይታለች።

ወንድማማቾቹ ሁለት ካሜራ ነበራቸው። ትልቁን በፍቃዱ ያገለገለ ሆኖ የገዛው የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ነው። ትንሿን እህታቸው ብርሀንነሽ ከዓረብ አገር በሰው የላከችው ባለፈው ፋሲካ ነው። ትንሿ ከመጣች ወዲህ በፎቶ ቤቱ ሰላም የለም።

«ሚረርለስ ናት፤ ውስጧ መስታወት የለ፣ ድምፅ የለ፣ ኪስ ትገባለች» ይላል አለምነው።

«ጥርስም የላትም» ይላል በፍቃዱ። «በዚህ ብርድ ባትሪዋ ሙሽራዋ ከቤት እስክትወጣ አይቆይም። ደግሞ ገበሬ ልጁን ሲድር ሞባይል በምታክል ነገር ብታነሳው ናቀኝ ብሎ በዱላ ነው የሚሸኝህ።»

ይህስ እውነት ነው። ወደ አጅባር የሄዱ ጊዜ አንድ የሙሽራ አባት ትንሿን አይቶ «ዋናው ካሜራ የታለ?» ብሎ ዳስ እንዳይገቡ ከልክሏቸው ነበር። ትልቁ ግን ተሸካሚውን ያስከብራል። ቀጭ ባለ ቁጥር ሽማግሌው ሁሉ ጋቢውን ያስተካክላል።

በፍቃዱ ቁጡ ሰው ነበር። ሞተ ተብሎ አሁን ድንኳን ውስጥ «ዝንብ የማይነካ» ይሉታል፤ ውሸት ነው። አንዱ ሚስቱን ደብድቦ፣ ዓይኗ እንዳበጠ ይዟት መጥቶ «የቤተሰብ ፎቶ አንሳን» ቢለው፣ በትሪፖዱ እግር ቅልጥሙን ብሎ ከደጃፉ ያባረረ ሰው ነው። አባታቸው ሲሞት አለምነው የስድስት ዓመት ልጅ ነበር። በፍቃዱ አሳደገው፤ በቀበቶም፣ በእንጀራም። ትምህርት ቤት ሲያረፍድ ይገርፈዋል፤ ገርፎም ደብተሩን ራሱ ተሸክሞ ያደርሰዋል።

ሰኔ ላይ ትልቁ ካሜራ ከባጃጅ ወደቀና ስክሪኑ ጠቆረ። ፎቶ ማንሳቱን ግን አላቆመም። ውስጡ መስታወት ስላለው ዓይንህን ቀዳዳው ላይ ከደገንክ ሁሉንም ታያለህ፤ ያነሳኸውን ማየት የምትችለው ግን ሜሞሪውን አውጥተህ ላፕቶፕ ላይ ስትከተው ነው። በፍቃዱ ግድ አልሰጠውም። እስከዚያች እሑድ።

እሑድ ሁለት ሥራ ገጠማቸው። አንዱ ከከተማው በእግር ሁለት ሰዓት የሚያስኬድ የገጠር ሰርግ፣ ሌላው እዚሁ መካነ ሰላም የተማሪዎች ምርቃት።

«ዛሬ ትንሿን እኔ ልውሰዳት» አለ በፍቃዱ። «ሙሽሮቹ ያነሳኸውን አሳየን እያሉ ያደርቁኛል። በጠቆረ ስክሪን አፍሬያለሁ።»

አለምነው ለምርቃቱ ትንሿን ይዞ እንደሚመጣ ለስንቱ አውርቷል። «ስድስት ወር ስትሰድባት ከርመህ ዛሬ አማረችህ?» አለና ከእጁ መነተፋት። በፍቃዱ ክንዱን ጠመዘዘው። አለምነው በነጻ እጁ፣ በሙሉ ኃይሉ፣ አፉን መታው። ዕድሜ ልኩን ሲመታው የኖረውን ሰው ሲመታ ያ የመጀመሪያው ነበር። የበፍቃዱ ከንፈር ተሰነጠቀ፤ ደሙ አገጩ ላይ ወረደ። መልሶ ይገድለኛል ብሎ አለምነው ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። በፍቃዱ ግን አልመታውም። ደሙን በእጅጌው ጠረገ፤ ትልቁን አንገቱ ላይ አጠለቀ፤ «ጎረምሳ ሆነሃል» ብሎ ወጣ።

ካሜራውን ሦስት ቀን ሙሉ ያልከፈተው ለዚህ ነው። ሰው የገዳዩን መልክ ማየት የፈራ መስሎት ይሆናል። እሱ የፈራው ሌላ ነው። የሞተው ወንድምሽ፣ የገደለው ባልሽ እንደሚባለው፣ የእቴቴም ሐዘን ሥሩ እዚያው ቤቷ ውስጥ እንደሆነ እሱና ፈይዛ ብቻ ያውቃሉ።

ከሰዓት በኋላ ድንኳኑ ሞላ። አለምነው ከእቴቴ ጎን ተቀመጠ። ፀጉሯን ተላጭታለች፤ ጉንጮቿን በጥፍሯ ነጭታቸዋለች። ከኋላው አንድ ባለ ባርኔጣ ለጎኑ ሰው ሲያንሾካሹክ ሰማ።

«ነገሩን ከሥሩ ካየኸው ሌላ ነው አሉ። ገዳዩ ወረኢሉ ደም አለበት፤ ሰው ገድሎ ነው እዚህ ዘመድ ቤት የተደበቀው። ሟች ደግሞ ፎቶውን አንስቶ ለደመኞቹ ሊሸጠው ነበር አሉ። እንጂ በባዶ ሜዳ ማን ሰው ይገድላል?»

አለምነው መቼ እንደተነሳ አያውቅም። የሰውዬውን ኮሌታ ጨምድዶ በግንባሩ አፍንጫውን አለው፤ አጥንቱ ሲሰበር ተሰማ። ወንበር ተገለበጠ፣ ንፍሮ ተበተነ፣ ሴቶች ጮኹ። ደገመው። ሦስተኛውን ሊደግም ሲል ሀጂ ጀብሪል፣ የአገሩ አስታራቂ፣ በዚያ እርጅናቸው ወገቡን አቅፈው ጎተቱት።

«በቃ! ምላስ አጥንት የለውም፣ አጥንት ይሰብራል፤ አንተ ደግሞ ጨመርክበት። ስማኝ ልጄ። ካሜራው ውስጥ ያለውን የሚያውቅ የለም። ሁሉም በግምቱ ነው የሚናገር፤ ነገ በግምቱ ይገዳደላል። ሂድና ክፈተው።»

የሆነውን የተናገረው የሙሽራው ወንድም ነው፤ ሬሳውን ይዞ የመጣ ጊዜ። በፍቃዱ ዳሱ ጥግ ቆሞ ሙሽራዋን ሲያነሳ አንድ ሰው ከኋላው መጥቶ ትከሻውን ያዘ። «አነሳኸኝ። አሳየኝ፣ አጥፋው» አለው። በፍቃዱ «አንተን አላነሳሁም» አለ። «አሳየኛ!» «ስክሪኑ አይሠራም። ነገ ፎቶ ቤት ና፣ ኮምፒውተር ላይ አሳይሃለሁ።» ሰውዬው የጠቆረውን መስታወት አየ። ያጠፋበት መሰለው፤ የቀለደበት መሰለው። «ለደመኞቼ ልትሸጠኝ ነው!» ብሎ ካሜራውን ሲነጥቀው በፍቃዱ ማንጠልጠያውን አለቀቀም። የሰውዬው ጩቤ ሁለት ጊዜ ጎኑ ገባ። በፍቃዱ ካሜራው ላይ ተደፍቶ ሞተ፤ ገዳዩ ሊያገላብጠው ታግሎ አቃተውና ሮጠ።

አለምነው በጥፍሩ ደሙን ፍቆ ክዳኑን ከፈተ። ሜሞሪውን አውጥቶ ላፕቶፑ ላይ ሰካ። አያ ክንፈ ክላሹን ታቅፎ ከኋላው ቆመ፤ ለቅሶ የመጣው የሙሽራው ወንድም ከጎኑ ሆነ፤ ፈይዛ በሩን ዘጋች።

ሦስት መቶ አሥራ ስምንት ፎቶ። ሙሽራው ሲጫማ። ሚዜዎች። ጠላ የሚቀዱ ሴቶች። የሙሽራዋ እጅ፣ ሒና የተቀባ። እስክስታ የምትመታ አሮጊት፣ ሦስት ጊዜ። ከዚያ ሙሽራዋ ቀና ስትል፤ ከዚያ ምንም።

«የቱ ነው?» አለ አያ ክንፈ።

አለምነው እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። የሙሽራው ወንድም የሁሉንም ስም እየጠራ ነገራቸው፤ እንግዳ ሰው የለም። ትከሻው የለም፣ ጥላው የለም።

«የለም።»

«ደብቀኸዋል!» የክላሹ ሰደፍ ጀርባው ላይ አረፈ። አለምነው ጠረጴዛው ላይ ተደፋ፤ አልጮኸም። ሕመሙ ደስ አለው። በፍቃዱ ትንሿን ይዞ ቢሆን ኖሮ አንዲት ቁልፍ ተጭኖ «እየው፣ የለህበትም» ይለው ነበር፤ ሰውዬውም አፍሮ ይሄድ ነበር። ወንድሙ ዛሬ ይኖር ነበር።

ውጭ ጫጫታው ድንገት ዝም አለ። እቴቴ እንኳ ደረቷን መድቃት አቆመች።

ሲወጡ ከድንኳኑ አፍ ላይ አንድ ሽማግሌ ተንበርክከዋል። እንዳልካቸው ይባላሉ፤ ገበሬ ናቸው። ራሳቸውን ገልጠዋል፤ አንገታቸው ላይ የወፍጮ መጅ የሚያህል ድንጋይ ተሸክመዋል። ሀጂ ጀብሪል ከአጠገባቸው ቆመዋል።

«የገዳዩ አባት ናቸው» አሉ ሀጂ።

አያ ክንፈ ክላሹን ቀጭ አድርጎ አቀባበለ። ሰው ግራና ቀኝ ተሸሸ። ሀጂ ጀብሪል አፈሙዙን በመዳፋቸው ይዘው ደረታቸው ላይ አደረጉት። «ድንጋይ የተሸከመ ሰው አይመታም ክንፈ። ከመታህም በኔ በኩል እለፍ።»

«ልጄን በእጄ ይዤ ለመንግሥት አስረክቤያለሁ» አሉ ሽማግሌው ከድንጋዩ ሥር። «ደም በደም ካላችሁም እነሆ አንገቴ። ግን አንድ ነገር እለምናለሁ። ልጄ ‹አንስቶኝ ነበር› ይላል። እስቲ ያንን ፎቶ አሳዩኝ። ምን ሆኖ ነፍስ እንዳጠፋ ዓይቼ ልሙት።»

አለምነው ላፕቶፑን አምጥቶ ፊታቸው መሬት ላይ አስቀመጠ። እሱም ተንበረከከ። አንድ በአንድ አሳለፈላቸው። ሽማግሌው አንገታቸውን ማቅናት ስላልቻሉ በቅንድባቸው ሥር አዩ። ወዛቸው ቁልፎቹ ላይ ይንጠባጠባል።

«አለቀ» አለ አለምነው።

«ልጄስ?»

«የለም። አላነሳውም።»

ባለ ባርኔጣው የደማ አፍንጫውን በነጠላ ይዞ አንገቱን ደፋ።

«እንዲህ ከሆነማ» አሉ ሽማግሌው፣ እንደ ሕፃን ግራ ገብቷቸው፣ «ለምን አላሳየውም? ቢያሳየው ኖሮ …»

«ስክሪኑ አይሠራም ነበር።»

«ሌላ ካሜራ አልነበረውም?»

ፈይዛ ከበሩ ላይ ራሷን ነቀነቀች፤ አትናገር ማለቷ ነው። አለምነው አያት።

«ነበረው» አለ። «በደህና ስክሪን። እሑድ ጠዋት ልውሰድ ብሎ ለመነኝ። አፉን መትቼ ቀማሁት።»

አያ ክንፈ አፈሙዙን ወዴት እንደሚያዞር ጠፋው።

አለምነው እጁን ዘርግቶ ድንጋዩን ከሽማግሌው አንገት አነሳ። በአገሩ ወግ ያን ያደረገ ታረቀ ማለት ነው፤ አንዳንዱ እልል ሊል አፉን ከፈተ። እሱ ግን ድንጋዩን መሬት አላስቀመጠውም። የገዛ አንገቱ ላይ ጫነው፤ ዞረና በጉልበቱ እየዳኸ ወደ እናቱ ፍራሽ ሄደ። ፊቷ ሲደርስ ግንባሩን ዝቅ አደረገ። ድንጋዩ ቆዳውን ልጦ ትንሽ ደም ወጣ።

እቴቴ ለረጅም ጊዜ አየችው። ሰው ሁሉ እጇን ይጠብቃል። ድንጋዩን ታወርዳለች፣ ወይም ትመታዋለች።

እጇን ሰደደች። ድንጋዩን አልነካችውም። የጃኬቱን ኮሌታ በሁለት ጣቷ ስባ አወጣችና፣ እንዳይልጠው፣ ከድንጋዩ ሥር አስተካክላ አነጠፈችለት።