ለሳምሶን የተቀመጠው ሽማግሌ

ክረምት ሲገባ የቦንጋ ጉም ከገደሉ ሥር ይነሣና ቤት ለቤት ይዞራል፤ እንደ ዕድር ለፋፊ ማንንም አያልፍም። ወደ ማታ ደጄ ላይ ስቆም ከጎረቤቴ ከጋሽ ገብረ ሥላሴ ቤት የሚታየኝ ጣራው ብቻ ነው፤ ቤቱ ከሥሩ ተወስዶ ጣራው ደመና ላይ የቀረ ይመስላል። በፊት በዚህ ሰዓት የቴሌቪዥኑ ብርሃን በመስኮት ወጥቶ የጓሮውን እንሰት አንዴ ሰማያዊ፣ አንዴ ብርቱካናማ ያደርገው ነበር። ዝናብ የጠጣ ቅጠል እንደዚያ ሲያበራ፣ ባሕር ማዶ ያለ አገር መጥቶ ጓሯችን ያደረ ይመስለኝ ነበር።

ባለቤታቸው እትዬ አበዛሽ ካረፈች ወዲህ መስኮቱ ጨልሟል። ቴሌቪዥኑን እኛው ጎረቤቶቿ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረን ጥቁር ነጠላ አለበስነው። ሐዘን ቤት ፊልም አይከፈትም፤ አርባዋ ሳይወጣ ማን ይደፍራል? ግን ቴሌቪዥኑን ዝም ስናሰኘው ሰውየውንም አብረን ዝም ያሰኘናቸው መሰለኝ። ጋሽ ገብሬ ከቀብር ከተመለሱ ጀምሮ አላለቀሱም፣ አላወሩም፤ ይባስ ብለው እህል እምቢ አሉ። ሻዩን በከንፈራቸው ነካ አድርገው ይመልሳሉ። ስኳር አለባቸው። ኪኒናቸው ደግሞ ያለ ምግብ አይወሰድም፤ ነርሷ ቤት ድረስ መጥታ «ሳይበሉ ከወሰዱት መድኃኒቱ ይጥልዎታል፣ ካልወሰዱት ደግሞ ስኳሩ ይጥልዎታል» ብላቸው ሄዳለች። እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁላት። ዕድሜያቸውን ሙሉ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት የሠሩ ሰው ናቸውና፣ አቤቱታ ተቀብሎ ማስቀመጥ ያውቁበታል።

በእኛ ሰፈር የዚያን የማታ ተከታታይ ፊልም ሰዎች በእውነተኛ ስማቸው የሚጠራ የለም። የውጭ አገር ስም ለምላስ አይመችም፤ ቀኑን ሙሉ ጉልበቷ ሲዝል የዋለች ሴት ደግሞ ማታ ተቀምጣ ስም ታጥና? እትዬ አበዛሽ ሁሉንም እንደገና አጠመቀቻቸው። ቆንጆዋን ሚስት ህይወት አለቻት፤ ዝምተኛውን ባል ሳምሶን። ያቺን ክፉ አማት ደግሞ እትዬ አሰለፈች አለቻት፤ ምክንያቱን ባልናገር ይሻላል፣ እውነተኛዋ እትዬ አሰለፈች ከታች በኩል ጎረቤታችን ናት።

ማታ ማታ እሷ፣ እኔና ማዘጋጃ ቤት የምትሠራው ማርቲ እዚያ እንሰበሰብ ነበር። ማርቲ አለቃዋ ሲጮኽባት ከዋለ፣ እሷ በተራዋ አማቲቱ ላይ ትጮኻለች። እኔም ለራሴ ማልቀስ የሚያሳፍረኝን ለህይወት አስመስዬ አለቅሰዋለሁ። ሲያልቅ ቀሚሳችንን አራግፈን እንነሣለን። ነገም ያው ነገ ነው፤ ግን ትንሽ ታጥቦ ይመጣል።

ጋሽ ገብሬ «እኔ የሥራ ፈት ነገር አላይም» ይሉናል። ወንበራቸውን ወደ በሩ አዙረው የከረመ ጋዜጣ ይዘረጋሉ፤ አንገታቸው ግን እንደ ጉሬዛ ወደ ኋላ ይዞራል። እትዬ አበዛሽ ፊት ለፊት ወቅሳቸው አታውቅም። የምትወቅሳቸው በሳምሶን በኩል ነበር።

«ይኼ ሳምሶን ምን ዓይነት ሰው ነው? ሚስቱ ስትደክም እያየ አንዲት ቃል አይወጣውም?»

«ተከሳሹ መልስ ይስጥበታ!» ይላሉ ከጋዜጣው ኋላ። «ሰውየው ሥራ ላይ ነው የዋለው።»

«ሥራ የዋለ ሰው ምላሱ ይታሰራል?»

«ጠበቃ ያቁም!»

«አንተ አለህለት አይደል?»

ባልና ሚስቱ እንዲህ ነበር የሚነጋገሩት። ስለ ራሳቸው በሌላ መንገድ ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም።

ከሞተች በኋላ ማርቲና እኔ ማታ ማታ እየሄድን ከጋሽ ገብሬ ጋር እንቀመጣለን። ፊልም ማየት ነውር ነው እንጂ ማውራት ነውር ነው ያለን የለም፤ ስለዚህ ማርቲ በዋዜማው እኔ ቤት ያየነውን ክፍል በሹክሹክታ ትተርክላቸዋለች። ከጥግ «ጠበቃ ያቁም» የሚል ድምፅ እንጠብቃለን። ድምፅ የለም። ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ጉሙ ከደጅ ገብቶ ወንበር ላይ የተቀመጠ ይመስላሉ።

አንድ ቀን ወደ ማታ የእትዬ አበዛሽ አጎት አባባ ሀብተ ማርያም ከቢታ ገነት ደረሱ። መንገዱን ጭቃ ቆርጦት ለቀብር አልደረሱም ነበር። እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ናቸው። ደጅ ላይ ቆመው እንደ ወጉ አለቀሱ፤ ገብተው ተቀመጡ። እንግዳ መጥቶ እንኳ ጋሽ ገብሬ እጃቸውን ከመዘርጋት በቀር ቃል አልወጣቸውም። እኔ ቆጮና ጎመን ላቀርብ ወደ ጓዳ ገባሁ። ማርቲ ዝምታውን መቻል አቅቷት የለመደችውን ጀመረች።

«ካለፈው አፕዴት ላድርጋችሁ» አለች። «ህይወት ቀለበቷን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ ጥላ ከቤት ወጣች። ሳምሶን ዝናብ ውስጥ ቆሞ ዝም ብሎ አያት። እትዬ አሰለፈች ደግሞ በመስኮት እየሳቀች!»

አባባ ሀብተ ማርያም ምርኩዛቸውን መሬት መቱ። «መቼ ነው ይኼ የሆነው?»

«ትናንት ማታ፣ አባባ።»

«ልጅቷ አሁን የት ናት?»

ማርቲ ዞራ አየችኝ። እኔ ሳህኑን እንደያዝኩ በጓዳው በር ላይ ቆሜአለሁ።

«ራቅ ያለ ቦታ ናት» አልኩ።

«ይኼ ሁሉ ጎረቤት ተቀምጦ ሽማግሌ አልላከም? ትዳር በዝናብ ሲታጠብ ቆማችሁ አያችሁ?»

«በየቀኑ ነው ያየነው፣ አባባ» አለች ማርቲ፣ ሳቋን በነጠላዋ አፍና።

«በየቀኑ!» አዛውንቱ ተቆጡ። «በከተማ ሰው አልቋል ማለት ነው። በሉ፣ እኔ እቀመጣለሁ። ከሳምሶን ወገን እዚህ ማን አለ?»

እውነቱን ልነግራቸው አፌን ስከፍት፣ ከጥግ የዛገ ማጠፊያ የመሰለ ድምፅ መጣ።

«እኔ አለሁ።»

ጋሽ ገብሬ ናቸው። ማርቲ ተነሥታ ክንዴን ያዘችኝ።

«በል ተናገር» አሉ አባባ ሀብተ ማርያም። «የሳምሶን ጥፋት ምንድን ነው?»

«ጥፋት የለበትም።»

«ሚስቱ ስትሄድ ዝም ያለ ሰው ጥፋት የለበትም?»

«ይወዳታል» አሉ ጋሽ ገብሬ። ዐይናቸው መሬት ላይ ነው። «ከተናገረው የሚያንስበት ይመስለዋል። አባቱም እንዲያ ነበር። ሲያስላት ተነሥቶ ብርድ ልብሱን ይደርብላታል፤ ጠዋት ግን እኔ ነኝ አይላትም። የምትወደውን ሙዝ ከገበያ ያመጣል፤ ‹ርካሽ ሆኖ ነው› ይላታል።»

ማርቲና እኔ ተያየን። ፊልሙ ውስጥ ሳል የለም። ብርድ ልብስም፣ ሙዝም የለም። ያ ሳምሶን ባሕር ዳርቻ ላይ መርከብ የሚሠራ ሀብታም ነው፤ ገበያ መውጣቱንም እንጃ።

«ታዲያ ይሄን ሄዶ ይንገራታ!» አሉ አዛውንቱ።

«የት ሄዶ፣ አባቴ?»

ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ወረደ። ጋሽ ገብሬ በጋቢያቸው ጫፍ ፊታቸውን ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ይኼን ሁሉ ቀን የጠበቅነው ልቅሶ ነበር፤ ሲመጣ ግን የት እንደምንቆም ጠፋን።

«አባባ…» አለች ማርቲ ቀስ ብላ። «ፊልም እኮ ነው። ሰዎቹ የቴሌቪዥን ናቸው። ስሙንም ያወጣችላቸው እትዬ አበዛሽ ነች።»

አባባ ሀብተ ማርያም ነጠላ የለበሰውን ቴሌቪዥን አዩ። የሚያለቅሰውን ሰው አዩ። ያፍራሉ ብዬ ስጠብቅ ምርኩዛቸውን በሁለት እጃቸው ተደግፈው የበለጠ ተደላድለው ተቀመጡ።

«ሽማግሌ አንዴ ከተቀመጠ ሳያስታርቅ አይነሣም» አሉ። ወደ እኔም ዞረው «ብርቅዬ፣ ያን ሳህን ወዲያ አርጊው። እሺ ካልተባልኩ እህል አልቀምስም።»

ይኼ ደንብ ነው፤ አማላጅ እሺ እስኪባል ከቤቱ እህል አይቀምስም። ጋሽ ገብሬ ደግሞ ደንብ አዋቂ ናቸው። ቀና አሉ። የሚስታቸው አጎት፣ ያን ሁሉ ጭቃ አቋርጠው፣ በእሷ ሐዘን፣ በእሷ ቤት ጦማቸውን ሊያድሩ ነው። አስቡት። እህል እምቢ ባለ ሰው ፊት ሌላ እህል እምቢ ያለ ሰው ተቀመጠ።

«ይብሉ እንጂ፣ አባቴ። ርቦዎታል።»

«ርቦኛል። አልበላም።»

«ከእኔ ምን ይፈልጋሉ?»

«ሳምሶን ጥፋቱን ይመን። ይኼን ብቻ።»

«እሷስ?»

«በእሷ ወገን እኔ አለሁ። እጄ ላይ ነው ያደገችው፤ ልቧን አውቀዋለሁ።» አዛውንቱ ድምፃቸው ትንሽ ሻከረ። «ይቅር ብላዋለች። ሙዙንም ርካሽ ሆኖ እንዳልመጣ ታውቃለች።»

ጋሽ ገብሬ ፊታቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። ከዚያ «እሺ» አሉ። «ጥፋተኛ ነው።»

አባባ ሀብተ ማርያም ሳህኑን ከእጄ ተቀብለው መሐል አስቀመጡ፤ ከቆጮው ቆርሰው ጎመን ጠቀለሉበት። «የዕርቅ ጉርሻ አይመለስም» ብለው ዘረጉ። ጋሽ ገብሬ እንደ ሕፃን አፋቸውን ከፈቱ። እንባውም ጎመኑም አብሮ ገባ። ሁለተኛውን እምቢ ይላሉ ብዬ ነበር፤ ተቀበሉ። ሦስተኛውን ራሳቸው ቆረሱ። እኔ ሮጬ ኪኒናውንና ውኃውን አመጣሁ፤ «ይኼም የዕርቁ ነው» ብዬ ሰጠኋቸው፤ ዋጡት።

እየበሉ ሳሉም አዛውንቱን ነገሩ አልለቀቃቸውም።

«ይኼ ሳምሶን መተዳደሪያው ምንድን ነው?»

«መርከብ ይሠራል።»

«መርከብ አይቼ አላውቅም።»

«እኔስ የት አይቼ? ታሪኩ ረጅም ነው፣ አባቴ።»

«መንገዱ እስኪደርቅ መኪና የለኝም። ከመጀመሪያው ንገረኝ።»

እኔ ቤት አዲሱ ክፍል የሚጀምርበት ሰዓት ደርሶ ነበር። ማርቲ ጫማዋን ልታደርግ ተነሣች፤ አንድ እግሯን አስገብታ ቀረች፤ ተመልሳም ተቀመጠች። ጋሽ ገብሬ ወንበራቸውን ከበሩ ወደ እኛ አዙረው ይተርካሉ። ባሕሩን ሲናገሩ እጃቸው ቀስ ብሎ ይወርዳል ይወጣል፤ ክፍሉ አብሮ የሚንሳፈፍ መሰለኝ፣ መደቡም፣ ሳህኑም፣ እኛም። መርከቡ ነጭ ነው፤ ህይወት ከወደቡ ላይ ቆማለች፤ ነፋሱ ነጠላዋን ይወስድባታል። በፊልሙ ነጠላ አልለበሰችም፤ ግን ማን ይከራከራል? ሳምሶን ከመርከቡ ወርዶ ወደ እሷ መጣ።

«ገና እንዳያት» አሉ ጋሽ ገብሬ፣ «‹እወድሻለሁ› አላት።»

«ኧረ ጋሽ ገብሬ!» አለች ማርቲ። «እንደዚያ አላለም እኮ! ዝም ብሎ ነው ያለፋት።»

«ብሏታል» አሉ፣ ለአባባ ሀብተ ማርያም ጉርሻ እየጠቀለሉ። «አንቺ ያኔ ውኃ ልትጠጪ ወጥተሽ ነበር።»